የጋሽ ይመር ጉበት የተናገረውና ያልተናገረው

4.

አልመጡም።

1.

ከአራት የጀመርኩት አውቄ ነው። ቢመጡማ ደማቸውን ሰጥተው ይሄዱ ነበር፣ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም። ራውዳ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ ትንሽ የምርምር ቤተ ሙከራ ደም እመረምራለሁ። የቀሩት ሰው ጋሽ ይመር ናቸው፤ ጎሚስታ ናቸው፣ የቲቢ ኪኒን ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል። ጥናታችን ኪኒኑ የበሽተኞቹን ጉበት እንዳይጎዳ በደም ይከታተላል።

2.

ጉበት ቻይ ነው። እየተጎዳም ዝም ይላል። ሴሎቹ ሲሰበሩ ግን ውስጣቸው የነበሩ ጥቃቅን መልእክቶች ወደ ደም ይፈሳሉ፤ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላሉ። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። የጉበቱ 122 ነው። 155 የሚባለው ደግሞ ሰውነት ሲቆጣ ከፍ ይላል። የጎረቤት ወጥ ሲያር ጢሱ ሳይታይ ሽታው ደጅ ይደርስ የለ? 122ም እንደዚያው ነው፤ አንዳንዴ የተለመደው የጉበት ምርመራ ምንም ሳያሳይ ቀድሞ ይደርሳል።

3.

የጋሽ ይመር የመጀመሪያ ደም፣ ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ተቀድቶ የተላከልን፦

የተለመደው ምርመራ፦ ደህና።

155፦ ከፍ ብሏል።

122፦ ኧረ በጣም ከፍ ብሏል።

ለሐኪማቸው ለዶክተር አበጋዝ ደወልኩ። «ይሄ ገና ጥናት ነው፣ በሱ ብቻ አልወስንም» አለኝ። «ደሙ እናንተ ጋ ተቀድቶ ይደገም። የተለመደውም ምርመራ ከፍ ካለ ኪኒኑን አቆማለሁ። ካቆምኩት ደግሞ ቲቢው ያገረሽበታል።»

ችግሩ ይኸው ነው። 122 ጉበት ተጎዳ ይላል። ማን ጎዳው ቢሉት አያውቅም።

4.

(እላይ ተነግሯል። አልመጡም።)

5.

ስልክ። የሚያነሱት ባለቤታቸው ናቸው።

እኔ፦ እትዬ ዘሀራ፣ ጋሽ ይመር ምነው ቀሩ?

እትዬ ዘሀራ፦ አይ ልጄ፣ ሥራ በዝቶበት ነው።

እኔ፦ ደሙ እኮ አስቸኳይ ነው።

እትዬ ዘሀራ፦ አውቃለሁ። ግን... ለጊዜው ወንዝ አይሻገርም።

6.

ወንዝ!

ባገራችን ታሞ የከረመ ሰው ወንዝ አልሻገርም ካለ የባህል መድኃኒት ጠጥቷል ማለት ነው። ውሃ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ለሰው ከነገረውም ይረክሳል። ቤተ ሙከራችን ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ነው፣ የጋሽ ይመር ጎሚስታ ቤት ከቦርከና ወዲያ። ወይ ጣጣ!

7.

መመሪያ፦

በሽተኛው ወንዙን ካልተሻገረ አንቺ ተሻገሪ።

ደሙን ስትቀጂ አትቸኩይ።

ስትመለሺ ብልቃጡን አትነቅንቂ። ቀይ ሴሎቹ ከተሰበሩ የራሳቸውን መልእክት ይጨምሩበትና ወሬው ይደበላለቃል። መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ ባጃጁ ውስጥ ደረትሽ ላይ እቀፊው። ሹፌሩ ቢስቅ ይሳቅ።

8.

ጋሽ ይመር የአይሱዙ ጎማ ፈተው ሲጠግኑ አገኘኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ደማቸውን አልሰሰቱም።

«ምንድን ነው የሚጠጡት?» አልኳቸው።

«ውሃ።»

«ጋሽ ይመር!»

«ወላሂ ብዬ ምያለሁ ልጄ። አትጠይቂኝ።»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«በሽታዬን መቼ ሸሸግሁ? የሸሸግሁት መድኃኒቱን ነው!»

ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወፍ ይዞኛል» አሉኝ። ወፍ የምንለው ያንን ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን የጉበት በሽታ ነው።

«ወፍ ነው ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ሽንቴ ነዋ! ኪኒኑን በጀመርኩ በማግስቱ ሚሪንዳ መሰለ።»

9.

ኪኒኑ።

የቲቢው ኪኒን ሽንት ያቀላል። ቀለም ነው እንጂ በሽታ አይደለም። የሰጣቸው ሰው በጥድፊያ ነግሯቸው ይሆናል፣ ወይም ረስቶታል። እሳቸው ግን ያልያዛቸውን ወፍ ሊያባርሩ በባዶ ሆድ ቅጠል ይጠጣሉ። አንባቢዬ፣ እንባዬ መጣ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ጎማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ታዲያ ጉበቴ ደህና ነበር?»

«ያኔ ደህና ነበር።»

«እኔው በገዛ እጄ?»

«ኪኒኑም ሊሆን ይችላል ጋሽ ይመር። ቅጠሉን ካላወቅን መለየት አንችልም። አሁኑኑ ይተዉት።»

«መተዉን እተወዋለሁ። መናገሩ ነው እንጂ። ቅጠሉን የሰጠችኝ ሴትዮ ሳንቲም አልተቀበለችኝም። አምናኝ ነው ያስማለችኝ።»

10.

ሁለተኛው ደም፦

122፦ ከበፊቱም ብሷል።

የተለመደው ምርመራ፦ እሱም ከፍ ብሏል።

ዶክተር አበጋዝ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በግምት ኪኒን አላስቀጥልም ራውዳ» አለ። «ቅጠሉ ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደጠጣው ከራሱ አፍ ልስማ። ከነገረኝና ጥፋቱ የቅጠሉ ከሆነ ኪኒኑን የማስቀጥልበት መላ አለኝ። ካልነገረኝ ኪኒኑን ዛሬውኑ አቆመዋለሁ።»

ወንዙን ደግሜ ተሻገርኩ።

11.

ለዶክተር አበጋዝ ደውዬ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ በጋሽ ይመርና በእትዬ ዘሀራ መሃል አስቀመጥኩት። የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ዶክተር አበጋዝ፦ ጋሽ ይመር፣ የጠጡት ቅጠል ምንድን ነው?

ጋሽ ይመር፦ ምያለሁ ዶክተር።

ዶክተር አበጋዝ፦ እሱን አውቃለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ዕድሜዬን ሙሉ ወላሂ ብዬ አፍርሼ አላውቅም።

እኔ፦ አብሽሩ ጋሽ ይመር። ማንም አይፈርድብዎትም።

እትዬ ዘሀራ፦ ይመር።

ጋሽ ይመር፦ አቤት።

እትዬ ዘሀራ፦ መሐላ በጾም ይካሳል። አንተን ባጣህ እኔ በምን እካሳለሁ?

ዶክተር አበጋዝ፦ ሃሎ? ይሰማሉ?

ጋሽ ይመር፦ እሰማለሁ ዶክተር። ጾሙን እጾማለሁ፣ ቅጠሉን ልንገርዎት።