በሚስቱ ጆሮ ውስጥ ያለው ሰው

ዳኛው የሚሉት የሱቅ ባልደረቦቹ ናቸው እንጂ ሕግ የሚባል ትምህርት በደጁም አላለፈ። የሚሠራው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ቤቱ ወስዶ እየሞከረ የሚረባውን ከማይረባው የሚለየው እሱ ስለሆነ ስሙ በዚያው ጸናበት። ያየውን በሱቁ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ሰውም አምኖት ይገዛል። በተለይ በድምፅ ነገር የሚያህለው የለም። ስፒከር ሊበላሽ ሲል ገና ከመበላሸቱ በፊት ይሰማዋል። ከሚስቱ ድምፅ በቀር የማይሰማው ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሥራ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት ጦርነት ይገጥማል። ጦርነቱ የውሸት ነው፤ ጩኸቱ ግን የእውነት ነው። "ከኋላህ! ከኋላህ ነው አልኩህ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!" እያለ ሲያንባርቅ ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ይረግጡለታል። ሚስቱ የምትነግረው ነገር ሲኖራት በሩ ላይ ቆማ ትጀምራለች። እሱ ዓይኑን ከጌሙ ሳያነሳ እጁን ያነሳል። "ቆይ አንዴ፣ ይህቺን ልጨርስ" ማለቱ ነው። ይህቺ የተባለችው ጨዋታ አልቃ አታውቅም።

እንግዲህ አንድ ቀን የሱቁ ባለቤት፣ ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ሽቦ አልባ፣ ድምፅ ከልካይ ኢርፎን ናቸው።

"አንዱን በጌም ሞክረው" አሉት። "ሌላውን ለዘወትር ኑሮ ይሆን እንደሆነ እንይ። እሱን ለሚስትህ ስጣት፤ አንተ ዘወትር የሚባል ኑሮ የለህም።"

ዳኛው ስቆ ተቀበለ። ያን ዕለት የሳቀው ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ሳጥኑን ለእናቱ ይሰጥ ነበር።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ኢርፎኑን ጆሮዋ ውስጥ ከተተላትና "እዚህ ጋ ጫን ስታደርጊው የውጩን ድምፅ ይዘጋል" አላት። ጫን አደረገች። ዓይኗን ሁለት ጊዜ ጨፍና ገለጠች። "ኧረ!" አለች ቀስ ብላ። እሱም ወደ ጌሙ ተመለሰ።

የእሱ ሙከራ ደህና ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ነበር ድምፁ የሚደርሰው፤ የኢርፎኑን የጌም ቅንብር ሲያበራው ተስተካከለ። የጠላት ኮቴ በቀኝ ይምጣ በግራ ጥርት ብሎ ይለያል። ማይኩ ግን ሐሜተኛ ነው፤ ወጥ ቤት የሚወድቀውን ማንኪያ ሳይቀር ለጓደኞቹ ያደርስ ነበር። ይህን ሁሉ በልቡ እየመዘገበ ሳለ የቴሌቪዥኑ ምስል ለአፍታ ጨለም አለና መስታወት ሆነ። በዚያ መስታወት ውስጥ፣ ከኋላው ሶፋው ላይ፣ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች።

እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ አይቶ ያውቃል። ሊያገባት ሲል፣ የእሱ ብቻ የነበረ ፈገግታ ነው።

"ምን እየሰማሽ ነው?" አላት ዞሮ። አልሰማችውም። ጉልበቷን ነካት።

"ምንም" አለች አንዱን አውጥታ።

ምንም! የትኛዋ ሚስት ናት በምንም የምትስቅ? ያን ጊዜ ቅናት ጫማውን አውልቆ ቤቱ ገባ፤ ገብቶም አልወጣ።

ትምህርት ቤቱ አዲስ የሙዚቃ መምህር ቀጥሯል። ሚስቱ ስለዚህ ሰው አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ስትናገር ከጨዋታው መሀል ሁለት ቃል ብቻ ወደ ጆሮው ገብተው ነበር፤ "ጊታር" እና "ልጆቹ ወደዱት"። አሁን እነዚያ ሁለት ቃላት ተባዝተው ዘርና ትውልድ አበጁ። ረጅም ጣት ያለው፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ማታ ማታ ዘፈን እየቀዳ የሰው ሚስት ጆሮ ውስጥ የሚያፈስ ሰው ታየው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይኸው አገር ያወቀውን እሱ ብቻ ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል ብሎ አንጀቱ አረረ።

በማግስቱ ማይኩን ልሞክር በሚል ሰበብ አውቶቡስ ላይ ሳለች ደወለላት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። ቤት ስትገባ ጠበቃት።

"ጥሪው እኮ እዚያው ጆሮሽ ውስጥ ነው የሚጮኸው! እንዴት አልሰማሽም?"

"ብሉቱዙን አጥፍቼው ነበር።"

"አጥፍተሽው? ታዲያ ኢርፎኑን ለጌጥ ነው ያደረግሽው?"

"ሞክሪ አልከኝ፣ እየሞከርኩ ነው" ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ልብስ ስታጥፍ ታደርገዋለች። ሰሃን ስታጥብ ታደርገዋለች። ሊተኙ ሲሉ ሳጥኑን ትራሷ አጠገብ ታኖራለች፤ ቻርጅ ማድረጉን አንድ ቀን ረስታ አታውቅም፣ የቤቱን ቁልፍ ግን በሳምንት ሦስቴ ትጥለዋለች። ሻወር ቤት ስትገባ ስልኳን ከፈተው። ዘፈን የለም። የተቀዳ ድምፅ የለም። ከሙዚቃ መምህሩ የመጣ አንድ መልእክት አለ፤ እሱም የወላጆች ስብሰባ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። ዳኛው ግን "አጥፍታዋለች" አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህን ነው፤ ኩበቱን ባጣ ቁጥር ላሚቱ ብልጥ ናት ማለት ጀመረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ጦፏል። ዳኛው አንድ ዓይኑ ጠላት ላይ፣ አንድ ዓይኑ የሚስቱ ፈገግታ ላይ ነው። በሁለት ዓይን ሁለት ጦርነት ማን አሸንፎ ያውቃል? ሞተ። "አንተ ሰውዬ ምን ነካህ!" ብሎ ከጓደኞቹ አንዱ ጆሮው ውስጥ ጮኸበት። የራሱን ኢርፎን ከጆሮው መንጭቆ ወረወረና በሁለት እርምጃ ሶፋው ጋ ደርሶ አንዱን ከሚስቱ ጆሮ ነጥቆ ወደ ራሱ ጆሮ ከተተው።

ዝም።

"ዘጋሽበት!" አላት።

"ማን ላይ?"

"ስልክሽን አምጪ!"

"ስልኬ እግርህ ሥር ነው" አለች።

ዝቅ ብሎ አየ። እውነትም ስልኩ እዚያው ነው። ባትሪው አልቆ ስለነበር፣ ሲበራ ሊበረብረው አስቦ፣ በገዛ እጁ ቻርጅ ላይ የሰካው እሱ ነው፤ ገና አልተከፈተም። ይህ ዓይነት ኢርፎን ያለ ስልክም የውጩን ድምፅ እንደሚዘጋ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቷል። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ታዲያ ምን እየሰማሽ ነው የምትስቂው?"

"ስንቴ ልንገርህ? ምንም" አለችው። "ቀኑን ሙሉ ልጆች ይጮኹብኛል። እነሱስ ልጆች ናቸው።"

ሰው የለም ማለት ነው። ዳኛው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለው፤ ከዚያ ከቅድሙ የባሰ ከነከነው። የሙዚቃ መምህር ቢሆን ሄዶ አንገቱን ይይዘው ነበር። ዝምታን የት ሄዶ አንገቱን ይይዘዋል? አፉ ግን እንደ ልማዱ የሥራውን ጥያቄ አመጣ።

"ግን የሰው ድምፅ እኮ ይከብደዋል። የሞተር ድምፅ ነው በደንብ የሚዘጋው። የእኔን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም።"

"ልክ ነህ፣ ግማሹን ነው የሚዘጋው" አለች። "ግማሹን እኔ ድሮ ዘግቼዋለሁ።"

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ሌላኛውንም ኢርፎን ከጆሮዋ አውጥታ ሰጠችው። "እንካ፣ ራስህ እየው። ሰኞ ወደ ሱቅ ይመለስ የለ?" ስትል ዓይኗ ትንሿን ነጭ ነገር ተከተላት። ያን አስተያየት ለሌላ ወንድ ስትሰጥ ሊይዛት ነበር ሳምንቱን ሙሉ ሲጠባበቅ የከረመው።

ምን አግኝታበት ይሆን ብሎ ሁለቱንም ጆሮው ውስጥ ከተተና ጫን አደረገው። የፍሪጁ ድምፅ ጠፋ። መንገዱ ጠፋ። የጣለው ኢርፎን ውስጥ ስሙን ይጠሩ የነበሩት ጓደኞቹ ጠፉ። ደስ ይላል። ክፉኛ ደስ ይላል፤ እሱን ጥላ እዚህ ዝምታ ውስጥ ብትገባ አይፈረድባትም።

ቀና ሲል ሚስቱ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። እያወራች ነው። ከንፈሯ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኗ ዓይኑ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ እንደተሰበረ ከጉሮሮዋ ያስታውቃል። እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች፣ አንድ ነገር አለች፣ መልሳ አነሳችው። ዳኛው ያየውን እስኪያምን ድረስ ብዙ ተናግራለች። ደንግጦ ሁለቱንም መዞ ሲያወጣ አፏን ገጥማለች።

"ምን አልሽ?"

"አልሰማህም?"

"አልሰማሁም። ድገሚልኝ፣ በናትሽ። አሁን እሰማሻለሁ።"

 ኢርፎኖቹን ከመዳፉ ለቅማ ሳጥናቸው ውስጥ መለሰችና ክዳኑን ገጠመችው።

"እንግዲያው ይሠራል" አለች፤ "እንደዚያ ብለህ ጻፍ።"