ከወልድያ የተነሳው ውጤት

የእጮኛዬ የምርመራ ውጤት ከወልድያ ተነስቶ በእግሩ ወደ ደሴ እየመጣ ነበር። መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ወር ይፈጅበታል ተባልን፤ አይቸኩልም።

የነገረችን ሲስተር ዘሃራ ናት፣ ጤና ጣቢያ ጥንዶችን የምትመረምረው ነርስ። የሄድነው ለቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነበር። እኛ ሰፈር ቄሱ ያለ ምርመራ ወረቀት አያጋቡም። ሙሽራ ሁሉ ጣቱን ተወግቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በዚያው ልብስ ሊለካ ይሄዳል። እኔም የቬሎ ቤቱን ቀጠሮ ለዚያው ቀን አድርጌው ነበር።

ሲስተር ዘሃራ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ጠየቀች።

"ያለ ኮንዶም ግንኙነት ካደረጋችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

"እኛ ገና ነን" አልኩ።

እጮኛዬ ጌታመሳይ ጫማውን አየ። "ስድስት ቀን" አለ።

ስድስት ቀን ወደኋላ ቆጠርኩ። ወልድያ፣ የመምህራን ሥልጠና፣ የመጨረሻው ቀን። ደውሎ "ዛሬስ ደክሞኛል" ያለኝ ቀን ነው። እኔ ሞኟ አዝኜለት ነበር።

ሲስተር ዘሃራ አልተቆጣችም። "በሦስት ቀን ውስጥ መጥተህ ቢሆን የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት እናስጀምርህ ነበር፤ አሁን አልፏል" አለችው። "ጨብጥና ክላሚዲያን በሁለት ሳምንቱ እናያለን። ካቃጠለህ ወይ ቁስል ካየህ ግን ቀን ሳትቆጥር ና። ኤች አይ ቪና ቂጥኝን ዛሬም እንመረምራለን፣ በስድስተኛው ሳምንት እንደግማለን፣ እርግጡን የምናውቀው በሦስት ወሩ ነው።"

"ዛሬ ነፃ ነህ ካለኝስ?"

"የዛሬው የሚናገረው ከወልድያ በፊት ስለነበረው ነው። የወልድያው ገና መንገድ ላይ ነው።"

"መኪና አይሳፈርም?" አልኩ እኔ።

"አይሳፈርም። እስኪደርስ ተጠንቀቁ።" በካኪ ፖስታ ኮንዶም አድርጋ ሰጠች። የሰጠችው ለእኔ ነው፣ ለእሱ አይደለም።

ወረቀቱ ነፃ ነው ብሎ ወጣ፤ ማኅተምም ተመታበት።

ያሳደገችኝ አክስቴ የውብዳር ናት፤ ለእሷ ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"ወረቀቱ ምን ይላል?"

"ነፃ ይላል። ግን እቴቴ፣ ውጤቱ ገና በእግሩ እየመጣ ነው። እሱ እስኪደርስ ሰርጉ ይቆይ።"

"ነፃ ካለ አበቃ። ጾም እየገባ ነው ልጄ፤ ቅበላ ካለፈ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። ድንኳኑ ተይዟል፣ ጠላው ሊጠነሰስ ነው። ለሰው ምን ልንል ነው? እግረኛ እየጠበቅን ነው?"

"አዎ፣ እንደዚያ በይ።"

"ወይ ጉድ" አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች።

የወልድያ መስመር የሚሠራው ጎረቤታችን ኢድሪስ በሚኒባሱ ሲመላለስ ውጤቱን ያየዋል። በመጀመሪያ ሲሪንቃ ላይ፣ ከዚያ መርሳ ገበያ ዳር። ጌታመሳይን ነው ቁርጥ። ለሥልጠና የሄደባትን ቡናማ ጃኬት ለብሷል፣ ብብቱ ሥር ፖስታ ይዟል። ሰላም ሲሉት ይመልሳል፣ ላሳፍርህ ሲሉት "እግዜር ይስጥልኝ፣ ገና ነኝ" ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት ጌታመሳይ የጨብጡንና የክላሚዲያውን ተመርምሮ ደህና ሆነ። ቤቱ ሁሉ እንደ ዘማች ተቀበለው። ይቅር በይኝ ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ አልቅሷል፤ አለቀሰ እንጂ ሰርጉ ይቆይ አላለም። እኔም ቬሎውን ልለካ ሄድኩ።

የቅበላ እሁድ ተዳርን። ከወልድያው በአርባኛው ቀን መሆኑ ነው። ኢድሪስ ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ "ውጫሌ ሊገባ ነው። ለሙሽሮቹ እንኳን ደስ አላችሁ በልልኝ ብሏል" አለኝ። አመሰገንኩት፣ ምን ይባላል።

ጫጉላ ቤታችን ስንገባ አክስቴ ያንን ወረቀት ፍሬም አስገብታ ከአልጋው በላይ ሰቅላው ነበር። የካኪውን ፖስታ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጌታመሳይ ፖስታውን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

"በሰርጋችን ቀን? ወረቀት እያለ?"

ሚዜዎቹ ከበሩ ውጪ ይዘፍናሉ። ደክሞኝ ነበር፣ አፍሬም ነበር። ፖስታውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሱን ይቅር እል ይሆናል፤ ራሴን ግን ለዚያች ቅጽበት እስካሁን ይቅር አላልኩም።

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ራሴን ውጭ አየሁት። ቬሎ ለብሳ፣ ፖስታ ይዛ፣ ቤቱን በቀስታ ትዞራለች። የእኔ ውጤት መነሻውም መድረሻውም እዚሁ ስለሆነ የሚሄድበት አገር የለውም፤ ሦስት ወሩን በመዞር ነው የሚጨርሰው። ሲስተር ዘሃራ ጋ ደውዬ ነገርኳት።

"ልክ ነው" አለች። "ግን አንቺ ሦስት ቀን አላለፈሽም። ዛሬውኑ ነይ፣ መድኃኒቱን እናስጀምርሻለን።"

ነጠላዬን ሳነሳ አክስቴ ደረሰች። "ሙሽራ ከጫጉላ አትወጣም፤ ነውር ነው። በማግስቷ ጤና ጣቢያ ታየች ከሚሉን ሞቴን እመርጣለሁ።" ጌታመሳይም "ሰኞ አብረን እንሄዳለን" አለ። ሰኞ ያለው የሚቀጥለውን ነው። ማክሰኞ የእሱም ስድስተኛ ሳምንት ሞላ፤ ሙሽራ ነኝ ብሎ ከድጋሚ ምርመራው ቀረ። ረቡዕ ሦስተኛው ቀን አለፈ። ሐሙስ መውጣት ተፈቀደልኝ።

ቬሎ የለበሰችው ጾሙን በሙሉ ስትዞር ከረመች። ልብስ ሳሰጣ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር ታልፋለች። ጌታመሳይ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ መንገድ ትለቅለታለች፣ እሱ ግን እንዳላየ ይሆናል። የቬሎዋ ጫፍ ጠቁሯል። አንድ ቀን ውሃ ይዤላት ወጣሁ፤ ሳትቆም ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። እጇ እንደ እጄ ቀዝቃዛ ነበር።

ከወልድያው ዘጠናኛው ቀን የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። ጌታመሳይ ሥራ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሆኜ ቡናማ ጃኬት የለበሰውን ሰውዬ የግቢው በር ላይ አየሁት፤ አቧራው ጉልበቱ ድረስ ነው። እሷ ከሰርጉ ማግስት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። ሄዳ በሩን ከፈተችለት። በሕማማት ሰላምታ ስለሌለ ሰላም አልተባባሉም።

ፖስታውን ሰጣት። እዚያው ቆማ ከፍታ አነበበችው፣ አጣጥፋ መለሰችለት። ከዚያ ቀለበቷን አውልቃ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና መዞሯን ቀጠለች። ገና አርባ ቀን ይቀራታል።

ጣቴን አየሁ። ቀለበቱ የለም፤ ፖስታው የሚለውን ገና ሳላውቅ ወልቋል።

ሰውዬው አቧራውን አራግፎ በሬን ማንኳኳት ጀመረ።