ኢዞልደን የጠሩ አባት

አቶ ገብረየስ በወጣትነታቸው ጀርመን አገር፣ ድሬስደን፣ ምሕንድስና ሲማሩ አንድ ቀን ኦፔራ ቤት ገቡ። መድረኩ ላይ ኢዞልደ የምትባል የአፈ ታሪክ ልዕልት በመርከብ ገስግሳ ስትደርስ ፍቅረኛዋ እጇ ላይ ሞተ፤ እሷም አስከሬኑ ላይ እየዘፈነች ነፍሷ ወጣ። አቶ ገብረየስ አለቀሱ። ኋላ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ኢዞልደ አሏት። እናቷ፣ "በሟች ስም ልጅ ይጠራል?" ብለው ቢለምኑም አልሰሟቸውም።

ልጅቷ አድጋ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትገባም ስሙ መከራዋ ሆነ። አበሻው "ማን አልሽኝ?" ይላታል፤ ፈረንጁ "ትዘፍኛለሽ?" እያለ ይስቅባታል። ዜግነት ስትወስድ ማንም የማይቸገርበትን ስም መረጠች፤ ሳምሪ ተባለች። አባቷም አሜሪካ መጥተው ያን ጊዜ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልትጠይቃቸው ስትሄድ በሩን ገርበብ አድርገው፣

"ሳምሪ የምትባል ልጅ የለችኝም" አሏት።

ከዚያ ወዲያ በዓልም አላገናኛቸውም።

ባለፈው የካቲት በፈቃዱ የሚባል የአባቷ ጎረቤት ኮል አደረገላት።

"አባትሽ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ስትሮክ ነው አሉ። እኔም ከሥራ ስመለስ ገና አሁን ሰማሁ። ቶሎ ድረሺ!"

የፖቶማክ ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። መሪውን እየደበደበች አለቀሰች። ስትደርስ አባቷ እስከ ፊታቸው በአንሶላ ተሸፍነዋል።

ሸምገል ያለች ነጭ ነርስ ተቀበለቻት።

"ልጃቸው ነሽ? ቤተሰብ ያላቸው አልመሰለንም ነበር።"

"ማንንም አልጠሩም?"

"ኢዞልደ፣ ኢዞልደ ይሉ ነበር። ዜማውንም ያንጎራጉሩ ስለነበር ስለ ኦፔራው የሚቃዡ መሰለኝ። እኔም ኦፔራ እወዳለሁ። 'መጣች?' በሚል ዓይን ሲያዩኝ እጃቸውን ይዤ፣ 'መርከቧ እየደረሰች ነው' አልኳቸው።"

"እኔ ነበርኩ" አለች ሳምሪ። "ስሜ ነበር።"

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

በቀብሩ ዕለት ይዘንብ ነበር። ነርሷም መጥታ ከለቀስተኛው ኋላ ቆማለች። ፍታቱ አልቆ ሰው ሲበተን ሳምሪ ደረሰችባትና ክንዷን ጨበጠች።

"ሌላስ? ሌላ ምን አሉ?"

"ብዙ ተናገሩ" አለች ሴትየዋ እያለቀሰች። "ግን በእናንተ ቋንቋ ነበር። አልገባኝም።"