ከግራ በኩል የሚቀነጥሰው

ሳዳ ድብ ትፈራለች። በጃፓን፣ በአኪታ ተራሮች ሥር ተወልዶ ድብ የማይፈራ ሰው አለ ቢሏችሁ አትመኑ፤ የሳዳ ግን ከሌላው ይብሳል። ባለፈው ሳምንት በጎረቤት ሸለቆ ድብ የገደለው የአንድ የቀርከሃ ቡቃያ ለቃሚ ሽማግሌ ሬሳ ከተገኘ ወዲህ፣ ጓሮ ወርዳ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ዓይኗ ከጫካው አይነቀልም ነበር።

እንዲያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት ተራራ ወጣች። ያወጧት የሟች ባሏ ታላቅ እህት ኪኑ ናቸው። ኪኑ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከመንደሩ ሁሉ ወፍራምና ለስላሳ የቀርከሃ ቡቃያ ተሸክመው የሚመለሱት እሳቸው ናቸው፤ ከየት እንደሚለቅሙት ግን ለገዛ ወንድማቸው እንኳ ተንፍሰው አያውቁም። እዚያ አገር ሰው የቤቱን ቁልፍ ይሰጥሃል እንጂ የቡቃያ ቦታውን አያሳይህም። ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸውና ትናንት ሳዳ ደጅ ብቅ ብለው፣ "ነገ መኪናሽን አዘጋጂ፤ ላሳይሽ ነው" አሏት። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው፤ እምቢ ማለት አልቻለችም።

ትንሿን የጭነት መኪና መንገድ ዳር አቁመው፣ "ድብ አለ፤ መግባት ክልክል ነው" የሚለውን የማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ እንደሌለ ቆጥረው አለፉት። ሳዳ ወገቧ ላይ ድብ የሚያርቀውን ቃጭል አስራለች። ኪኑ ቆም ብለው ገላመጧት።

"ይኼን ነገር ዝም አሰኚው።"

"እንዴ እትዬ! ድቡስ?"

"እኔን ያሳሰበኝ ድቡ አይደለም። ያቺ ጆሮዋ እንደ ጥንቸል የቆመ የወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ከታች እየለቀመች ነው። ቃጭልሽን ተከትላ ከች ብትልስ? ሃምሳ ዓመት የደበቅኩትን ለእሷ ላስረክብ?"

"ያ የሞተው ሰውዬስ?"

"እሱ ሬዲዮውን ለቆ ነበር የሚለቅመው። ምን ጠቀመው?"

ሳዳ መሐረቧን ቃጭሉ ውስጥ ጠቀጠቀችበት። 

የቀርከሃው ጥሻ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ውስጡ ከገቡ ክንድ ተዘርግቶ የሚደርስበትን ያህል እንኳ አይታይም። ጎንበስ ብሎ ቡቃያውን ከሥሩ ቀጭ አድርጎ መቀንጠስ፣ ጀርባ ላይ ወዳለው ቅርጫት መወርወር፣ ደግሞ አንድ እርምጃ መሳብ ነው ሥራው። "ከአምስት እርምጃ በላይ እንዳትርቂኝ" አሉ ኪኑ፤ ብለውም ሳይጨርሱ ጥሻው ዋጣቸው።

ቦታውስ እውነትም ቦታ ነበር። ሳዳ ጎንበስ ባለችበት ሁሉ አውራ ጣት የሚያካክል ቡቃያ ይጠብቃታል፤ ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቷንም ረሳችው። ከግራዋ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማታል። የእትዬ እጅ እንዴት ይፈጥናል አለች በሆዷ። ያ ድምፅ አጠገቧ መሆኑ አደፋፈራት፤ ወሬም ጀመረች።

"እትዬ፣ ወንድምዎ ይኼን ሳያይ መሞቱ ያንገበግበኛል።"

ቀጭ።

"አኮረፉኝ እንዴ? እንግዲያው ማታ የቡቃያውን ሾርባ በቆርቆሮ ዓሣ ሠርቼ እክስዎታለሁ።"

ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጥሎ የማኘክ ድምፅ መጣ።

"ጥሬውን ነው እንዴ የሚበሉት?" ብላ ሳቀች ሳዳ።

"ሳዳ! የት ገባሽ አንቺ?"

የኪኑ ድምፅ ነበር። የመጣው ግን ከቀኝ፣ ከታች፣ ከሩቅ ነው።

ሳዳ ክው አለች። ከግራዋ የነበረውም ማኘክ ቀጥ አለ።

ነፋስ የለም፤ የቀርከሃዎቹ ጫፍ ግን ሦስት እርምጃ እልፍ ብሎ ይወዛወዛል። የረጠበ ፀጉር ሽታ መጣባት። ከዚያ ትንፋሽ ሰማች፤ ከባድ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ትንፋሽ። እያሸተታት ነበር። 

"ሳዳ! እየመጣሁ ነው፤ ካለሽበት አትነቃነቂ!"

አሮጊቷ ወደ እሷ እየወጡ ነው። ወደ እሷ ማለት ወደ እሱ ማለት ነው። "አይምጡ!" ብሎ መጮህ ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ አንድ ቃል። ሳዳ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ድምፅ አጥታ አይደለም። ከጮኸች የሚመጣው በእሷ ላይ ነው። ዝም ካለች ግን ወደሚጣሩት ሊሄድ ይችላል። ይሂድ፣ ወደ እሳቸው ይሂድ፣ እኔን ይተወኝ። እንዲህ ብላ ነው የለመነችው፤ በደንብ፣ በቃላት፣ ከልቧ።

የኪኑ እርምጃ ድንገት ቆመ። ከዚያ ሳዳ ከዚያ በፊት ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ወደ ድቡ ጮኹ።

"አንተ ሽማግሌ! እዚህ ነኝ! ና ወደዚህ! ና ስልህ!"

ጥሻው ተሰነጠቀ። ጥቁር ነገር ቀርከሃውን እየደረመሰ በሳዳ ፊት አለፈ፤ ጀርባውን ብቻ አየችው። ከታች ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ የሚሰበር ነገር፣ ከዚያ ምንም።

ሳዳ ሮጠች። ወደ ጩኸቱ አይደለም። ቅርጫቷን ጥላ፣ ፊቷን ቀርከሃ እየገረፋት፣ እየወደቀች እየተነሳች መኪናው ጋ ደረሰች። ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉንም ሰካችው። ሰው ልትጠራ ይሁን ልትጠፋ ራሷም አታውቅም። እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ምን ያህል እንደቆየች እንጃ፤ ኪኑ ከጥሻው ወጡ። በገዛ እግራቸው ነበር የሚራመዱት። ግራ ክንዳቸው ከትከሻው እስከ ክርኑ ተተልትሏል፤ በራስ ሻሻቸው ጠቅልለው ይዘውታል። በሩን በደህናው እጃቸው ከፍተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ቅርጫቴ ላይ ነው የተረፈውን ንዴቱን የተወጣው" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ስጠራሽ ዝም ስትዪ፣ አጠገብሽ እንዳለ ገባኝ። አፍሽን መዝጋትሽ ደግ አደረግሽ፤ ልባም ነሽ።"

ሳዳ ምስጋናውን ልትውጠው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

"እትዬ... ልባም ሆኜ አይደለም። ወደ እርስዎ እንዲሄድ ፈልጌ ነው።"

ኪኑ ጭንቅላታቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደሙ በሻሹ አልፎ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል።

"እኔስ ምን ፈልጌ የጮኽኩ መሰለሽ?" አሉ። "በይ መኪናውን ንጂ አሁን፤ በርዶኛል።"