ፀሐይ ሊያዩ የመጡ እንግዶች

ሐሙስ ከሰዓት ከጋምቤላ ስልክ ተደወለ። አሉላ፣ የሉሊ ታላቅ ወንድም፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሊተክል በሄደበት በወባ ሞተ። ሉሊ ስልኩን ዘግታ የሮጠችው ወደ አባቷ አይደለም፤ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ መገርሳ ነው። ምን ታድርግ? መርዶ እንደ ወሬ ዝም ብሎ አይዘረገፍ ነገር!

ጋሽ መገርሳም ጨከን ብለው፣ «እሁድ ማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሰው ተሰብስቦ እናረዳዋለን። እስከዚያ ሆድሽን ቻይው፤ እንባሽን እንዳያይ» አሏት።

ለመናገሩማ ቀላል ነው! አባትና ልጅ የሚኖሩት ላንቻ፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው ነው። የት ዞር ብላ ታልቅስ? መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ እንዳታለቅስ እንኳ ውሃው ከጠፋ ሰንብቷል።

አባቷ አቶ ገብረዋህድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ማስተማር ያልለቀቃቸው ሰው ናቸው። በር ላይ ትንሿን ቴሌስኮፕ ይተክሉና የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ። ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ሊደቅን የሚቃጣውን ሁሉ «መታወር አማረህ?» ብለው ይቆጣሉ። ሰሞኑን ደግሞ ፀሐይ በየአስራ አንድ ዓመቱ ገደማ የምትፈላበት ጊዜዋ ነውና ፊቷ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። እሳቸውም ሥራ በዝቶባቸዋል።

«አየሽ ሉሊዬ» አሉ ዓርብ ምሳ ላይ። «ነጥቡ ጥቁር የሚመስለው ከዙሪያው ስለሚቀዘቅዝ ነው እንጂ እሱም ብረት ያቀልጣል። እዚያ ያለው የማግኔት ኃይል ከታች የሚመጣውን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል። ከመሃል ሆዷ የተነሳ ኃይል ፊቷ ላይ እስኪደርስ ስንት ሺህ ዓመት እንደሚፈጅበት ታውቂያለሽ? አንዴ ከወጣ ግን እኛ ጋ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ናት፤ በቃ።»

«እሺ አባዬ፣ አሁን ብላ» አለችና ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው።

«ዛሬ ያነሳሽውን የፀሐይዋን ፎቶ ለአሉላ ላኪለት። እዚያ ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣ ሰሞኑን ዝም ብሏል።»

«እልክለታለሁ።» ላከችም። አባቷ እያዩ ለሞተ ሰው ፎቶ ላከች።

የካዛንቺሱ ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል። አቶ ገብረዋህድ በየሳምንቱ እየደወሉ፣ «እሁድ በማለዳ ኑ፤ ደመና ሳይቀድመን ፀሐይን ከነነጠብጣቧ ላሳያችሁ» ይላሉ። «እንመጣለን ጋሼ!» ይባላል። ማን ሊመጣ? ከከተማው ዳር ታክሲ ተጋፍቶ፣ ሜክሲኮ ወርዶ፣ እንደገና ተሰልፎ ፀሐይ ለማየት? ፀሐይ እንደሆነች በሁሉም ደጅ አለች።

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ገብረዋህድ ቀድመው ነቅተው ነበርና ከፈቱ። ጋሽ መገርሳ፣ እትዬ ጀማነሽ፣ ሳላሀዲን ከነሚስቱ፣ ያ የተበተነ ጎረቤት በሙሉ ደጅ ላይ ቆሟል።

በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እሳቸው ግን ስንት እሁድ በጉጉት ጠብቀዋል! ፊታቸው በራ።

«መጣችሁ! እኔ እኮ ረስታችሁኛል ብዬ... ግቡ፣ ግቡ! ሉሊ፣ ወንበር! ሻይ ጣጂ!»

ጋሽ መገርሳ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ስንቱን መርዶ ያረዱ ሰው ምላሳቸው ተሳሰረ። እትዬ ጀማነሽ በክርናቸው ጎሸም ቢያደርጓቸው ወይ ፍንክች! ጉድ እኮ ነው፤ አንድ ግቢ ሙሉ ለቀስተኛ እንደ ተማሪ ተደርድሮ ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቀ።

ወጣች። አቶ ገብረዋህድ ወረቀቱን አስተካክለው፣ «ጀማነሽ፣ አንቺ ቅደሚ» አሉ። እትዬ ጀማነሽ አሉላን አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። አጎነበሱ፤ እንዳጎነበሱም ቀሩ። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው? አልታየሽም?»

አቶ ገብረዋህድ ቀና ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ወረቀቱን የሚያይ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው እሳቸውን ነው። ሉሊ ብቻ መሬት መሬት ታያለች። እጃቸው ከቴሌስኮፑ ላይ ወረደ።

«አሉላ ነው?»

ጋሽ መገርሳ «እንግዲህ ገብሬ፣ የፈጣሪ ፈቃድ...» ብለው ጀመሩ። እሳቸው ግን የጠየቁት ሉሊን ነበር።

«አዎ፣ አባዬ» አለች ሉሊ።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

መርዶ የሰማ ሰው ራሱን ይጥላልና ሰዉ ሊይዛቸው ተጠጋ። እሳቸው አልወደቁም። የተዘረጋውን እጅ ሁሉ ገለል እያደረጉ ወደ ሉሊ ሄዱ።

«ሐሙስ... ዓርብ... ቅዳሜ...» ድምፃቸው ተቆራረጠ። «እኔ ስለ ፀሐይ ስቀባጥርልሽ፣ አንቺ ብቻሽን? ለወንድምሽ እንኳ ሳታለቅሺ?»

«አባዬ...»

«ነይ። ነይ ልጄ፣ አልቅሺ።»

ሉሊ ደረታቸው ላይ ተደፍታ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። እሳቸው የወደቁት ያኔ ነው።