የአባቷ ማር ዋጋ

«ማሩስ?» አለ ፈድሉ።

ወርቂቱ የጠጅ ቤቷን ብርሌዎች እየደረደረች ነበር፤ እጇ ቀጥ አለ። ጎረቤቷ ፈድሉ ባለሱቁ ሂሳቡን ከማለዳ ጀምሮ በቃሉ ሲያሰላላት ቆይቷል። ከአንድ ጋን ሦስት መቶ ብርሌ ይወጣል፤ አንዱ በዐሥር ሳንቲም፣ ሠላሳ ብር። ጌሾው፣ ማገዶውና የአሳላፊዋ ደመወዝ ዐሥራ ሁለት ቢወስድ ዐሥራ ስምንት ብር ትርፍ። ነቀምቴ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ነጋዴ ማን አለ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

«ማሩን አባቴ ከአርጆ ያመጡልኛል። አልገዛውም።»

«አንዱ ጋን የሚፈጀው ፈረሱላ ማር ገበያ ላይ ዐሥራ ሰባት ብር ነው» አለ ፈድሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንግዲህ ትርፍሽ አንድ ብር ነው። እስከ ዛሬ ስትሸጪ የኖርሽው የአባትሽን ስጦታ ነው።»

አከራይዋ ውዝፉን ኪራይ እስከ ማታ ካላገኘ ቤቱን ለሌላ ሊሰጥ ቆርጧል። ገንዘቡ ያለው ፈድሉ ኪስ ውስጥ ነው፤ ፈድሉም ሸሪኳ የሚሆነው ትርፍ ካየ ብቻ ነው።

«አባትሽ ለማሩ ዋጋ ይቁረጡልን» አለ ፈድሉ። «ፈረሱላውን በዐሥር ብር ከሰጡን እገባለሁ። በስጦታ ላይ ግን ሽርክና አይቆምም፤ ሰውዬው ነገ ቢያኮርፉስ?»

አባቷ አቶ ጉሉማ ረፋዱ ላይ ደረሱ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ መጠጥ አይቀምሱም፣ የጠጅ ቤቱን ደጃፍም ረግጠው አያውቁም። እንደ ልማዳቸው በቅሏቸውን በጓሮ በር አስገብተው ማሩን አወረዱና «ለልጄ ነው» አሉ። ልጃቸው ያን ሁሉ ማር ምን እንደምታደርገው ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም ነግራቸው አታውቅም። አባትና ልጅ በዚህ ዝምታ ተፋቅረው ኖረዋል።

«አባ... ዋጋውን ቢነግሩኝ» አለች ወርቂቱ።

ሽማግሌው ፈድሉን አዩ፤ ከዚያ እሷን።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ማሩ ላንቺ ነው ወይስ ለጠጅ ቤቱ?»

«ለእኔ» ብትል ማሩ እንደ ወትሮው በነፃ ይመጣላታል፤ ቤቱ ግን ይሄዳል። ደግሞም መደበቁ ታከታት።

«ለጠጅ ቤቱ ነው፣ አባ።»

አቶ ጉሉማ መጫኛውን ጠቅልለው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። አልተቆጡም። ቢቆጧት በወደደች።

«እንግዲያው ዐሥራ ሰባት ብር» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ፈድሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ወርቂቱ ያን እጅ ሲመርቃት እንጂ ሲቀበላት አይታው አታውቅም ነበር።