ከምግብ ጋር

የእማማ ገዲሴ አክታ በሰኔ ወር እንደገና የሳምባ ነቀርሳን ቀያይ ዘንጎች አሳየ። ላቦራንቱ ጠርቶኝ በማይክሮስኮፑ አየሁ፤ ጥቂት አልነበሩም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየጠዋቱ ጎፋ ወዳለው ክሊኒካችን እየመጡ መርፌ ሲወጉና ኪኒናቸውን ፊታችን ሲውጡ አክታቸው ጸድቶ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን፣ በጥናቱ ደንብ መሠረት፣ መድኃኒታቸውን ወደ ቤት ይዘው መሄድ ጀመሩ። በየወሩ የቀረውን ኪኒን እንቆጥራለን። የእሳቸው አንድም ጎድሎ፣ አንድም ተርፎ አያውቅም።

«ከበሽተኞቻችን ሁሉ ቆጠራው ልክ የሚመጣው የእሳቸው ነው» አለች ነርሷ ሲስተር ወርቅዬ።

«የሚያስፈራኝም እሱ ነው» አልኳት።

የሚያስፈራኝ ሌላም ነገር ነበር። ጥናታችን ሁለት ዓይነት የሳምባ ነቀርሳ ኪኒኖችን ያወዳድር ነበር፤ አንዱ ርካሽና በአገሩ የተለመደ፣ ሌላው ውድ። ርካሹ ነጭ ኪኒን ለአብዛኛው ሰው ደኅና ነው። ደማቸው ውስጥ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ግን ቆዳቸውን እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይገፍፋቸዋል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በሌላ ቦታ፣ አንድ ሰው እንዲያ ሆኖ ሲሞት አይቻለሁ። ስለዚህ ጥናቱ ውስጥ የሚገባው ሰው ሁሉ ደሙ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ቫይረሱ ያለበት ነጩን ኪኒን አያገኝም። ውጤቱ በቁጥር ተመዝግቦ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ለበሽተኛው አንነግርም። «ፈውስ የሌለውን ነገር መንገር ሰውን ከነሕይወቱ መቅበር ነው» ይል ነበር የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ነገሪ። መጀመሪያ ተከራክሬው ነበር። ከሃንጋሪ ዘጠኝ ዓመት ተምሬ መመለሴን እያነሳ፣ ገና አገሩን እንዳልለመድኩ ነገረኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን እርግጠኛ ስላልነበርኩ መከራከሬን ተውኩ።

እማማ ገዲሴ ደማቸው ንጹሕ ነው። ነጩን ኪኒን የሚወስዱት ለዚህ ነው።

ሐሙስ ዕለት ያለ ቀጠሮ አስጠራናቸው። ነጠላቸው ዝናብ ጠጥቶ፣ የላስቲክ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ለብሶ መጡ። መጠበቂያ ክፍላችን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ወርቅዬ ትንሿን ብልቃጥ ሰጠቻቸው።

«ዛሬ ደግሞ ሽንት?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ደም ወሰዳችሁ፣ አክታ ወሰዳችሁ። ምን ቀረኝ፣ ኢልማ ኮ? ልጄ፣ ነፍስሽን በብልቃጥ አምጪ እንዳትለኝ ብቻ።»

«እሱ በቀጠሮ ነው፣ እማማ» አለች ወርቅዬ። ሁለቱም ሳቁ።

ኪኒኑን በደንብ የወሰደ ሰው ሽንት፣ ጠብታችንን ስንጨምርበት ድፍን ሰማያዊ ይሆናል። የእሳቸው እንደ ታጠበ ጨርቅ ገርጥቶ ቀረ። በሩን ዘጋሁና ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ኪኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«በየቀኑ።»

«ሙሉውን?»

ነጠላቸውን አጣፉ። «እንዳዘዝከኝ ነው የማደርገው። ከምግብ ጋር።»

አዎ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ኪኒኑ ስለሚያቅለሸልሽ በሽተኞች እየመለሱት አስቸግረው ነበር። «ከምግብ ጋር ይወሰድ» የሚለውን ካርዳቸው ላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዶክተር ነገሪም አመስግኖኛል። ስናገር ዓይኔ ላይ የነበረው የሃንጋሪው ተማሪ ቤት ምግብ አዳራሽ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን፣ የራሱ ሹካ፣ የራሱ ዝምታ።

«ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» አልኳቸው።

«ይሄ ምን ጥያቄ ነው! ከሰው ጋር ነዋ። አንተ ለብቻህ ስትበላ ኖረህ ነው እንዲህ ከስተህ የመጣኸው።» ፈገግ እንዳላልኩ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብራኝ የምትበላ ልጅ አለች። አንድ ትሪ ቀርበን፣ እሷ እያየችኝ ብቻዬን ልዋጥ? ያውም መድኃኒት? ያውም እሷም እየሳለች? ነውር አይደለም? ለሁለት እሰብረውና ግማሹን በእንጀራ ጠቅልዬ አጎርሳታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወደ ቤት ይዤ መሄድ ከጀመርኩ።»

ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቆዳን የሚገፍፈው ነገር የሚመጣው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ውስጥ ነው። የልጅቱን ደም ማንም አልመረመረም።

«ማን ናት፣ እማማ? አሁኑኑ ማቆም አለባት።»

«ስሟን አልሰጥህም። ፋብሪካ ነው የምትሠራ። ትስላለች ከተባለ በማግስቱ ያባርሯታል። በማርያም አስምላኛለች።»

«ኪኒኑ ሊጎዳት ይችላል።»

«እኔን አልጎዳኝም።»

እዚያ ላይ ብነግራቸው ኖሮ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደማቸውን ለምን እንደወሰድን፣ ምን እንደፈለግንበት፣ ምን እንዳገኘን። ይልቅ «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ ወደ ዶክተር ነገሪ ቢሮ ሄድኩ።

እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። «አስረስ፣ ልጅቱ ጥናታችን ውስጥ የለችም» አለኝ። «ሴትዮዋን ከጥናቱ እናወጣለን። ቤት ለቤት የምትሄደው ሠራተኛ ሰኞ ትሂድና ትምከራቸው።»

ስመለስ አግዳሚው ወንበር ላይ እርጥብ ምልክት ብቻ ነበር። ወርቅዬ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማለች።

«እስከ ሰኞ ስንት ግማሽ ኪኒን ይዋጣል?» አለችኝ። «መኪናውን አስነሳ።»

ላፍቶን አልፈን ወደ ሀና ማርያም ስንወርድ አስፋልቱ አለቀ። በሁለቱም በኩል ካቻምና ጤፍ የነበረው ማሳ ላይ የመሬት ለኪዎች ችካል ተተክሎ ነበር። የእማማ ገዲሴም መሬት እዚያ ውስጥ ነው፤ የቀራቸው ግቢያቸውና ከኋላ ለተከራይ የሠሯቸው አራት የጭቃ ክፍሎች ናቸው። እኛ ስንደርስ እሳቸው በታክሲና በእግር ቀድመውን ገብተዋል። ምሳ ቀርቧል። ከትሪው ማዶ አንዲት ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሴት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣለች።

እማማ ገዲሴ ሲያዩን አልተቆጡም። የደከማቸው ይመስሉ ነበር። «እንግዲህ አገኛችኋት። ሚካል ትባላለች። ቅረቡ፣ ብሉ።»

«ዛሬ ወስዳለች?» አልኩ ቆሜ።

«ይኼው አሁን አጎረስኳት።»

ወርቅዬ ከጎኗ በርከክ ብላ ነጠላውን ዝቅ አደረገችው። የሚካል ከንፈር ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጥግ ጥጉ ደም ቋጥሯል። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ምች ነው» አሉ እማማ ገዲሴ። «እሑድ ፀሐይ ላይ ልብስ ስታጥብ መታት። ዳማከሴ ጨምቄ እየቀባኋት ነው። አሁን ተሽሏታል።»

ዳማከሴው ትሪው አጠገብ ነበር፣ በመዳፍ ታሽቶ። ለከንፈር ቁስል እዚህ አገር ሌላ ስም የለም፤ ምች ነው፣ ይቀባል፣ ያልፋል። የእጅጌዋን ጠርዝ ወደ ላይ ገለጥኩ። ክንዷ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ነበሩ፣ መሐላቸው እንደ በለዘ ሥጋ የጠቆረ። አንዱን በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ቆዳው ከሥሩ ተንሸራተተ።

ወርቅዬ አየችው። እጅጌውን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ሚካል፣ ባለቤትሽ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አረፈ። የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። አምና ጥቅምት ላይ።» ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው። «ሳምባ ምች አሉን።»

«አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ። ኪኒኑንም ከእንግዲህ እንዳትነኪው።»

«ሳሌን ያቆመልኝ እኮ እሱ ነው፣ ዶክተር። ሌሊት መተኛት የጀመርኩት በእሱ ነው። እሳቸውን ያልጎዳ እኔን ለምን ይጎዳኛል?»

«የሰው ደም ይለያያል» አልኩ።

ሚካል በተሰነጠቀ ከንፈሯ ለመሳቅ ሞከረች። «እኔ መንዜ፣ እሳቸው ኦሮሞ። ኪኒኑም ብሔር መለየት ጀመረ በሉኛ!»

እማማ ገዲሴ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ወርቅዬ እንኳ ሳቀች። እኔ ሁሉም ሲያየኝ ቆሜ ነበር፣ ዓረፍተ ነገሬን ግን አልጨረስኩትም። በጓሮው በር ሁለት ተከራዮች አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡ ነበር። እዚያ ፊት ስለ ሟች ባሏ፣ ስለ ደሟ ምን ልበል? ያልተመረመረ ደም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያግባባቻት ወርቅዬ ናት። «ስለ ሳል የሚያወራ ወረቀት ለፋብሪካው አልጽፍም። የቆዳ አለርጂ ነው የምለው። ሦስት ቀን ዕረፍት።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

ከመነሳታችን በፊት የኪኒኑን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አውርጄ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት። ዛሬም ልክ ነው። ሚካል ስትነሳ ራሷን አዙሯት ግድግዳውን ያዘች፤ ቆርቆሮውን መደቡ ላይ አስቀምጬ ክንዷን እንዳልነካ በብብቷ ሥር ደገፍኳት። መኪናው ድረስ ግን በራሷ እግር ሄደች። እማማ ገዲሴ ቂጣ በሶፍት ጠቅልለው በመስኮት አቀበሏት። «እስከ እሑድ ትመጫለሽ» አሏት።

እሑድ ሚካል ሆስፒታል አልጋ ላይ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልላ ነበር። ጀርባዋ አንሶላው ላይ እየቀረ መገላበጥ አልተቻለም። ዓይኗን መግለጥ ስላቃታት በድምፄ ለየችኝ። «ዶክተር፣ ፋብሪካው ወረቀቱን ተቀበለ?» አለችኝ። ተቀብሏል አልኳት። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞተች። የደሟን ውጤት የሆስፒታሉ ሐኪም በጆሮዬ ነገረኝ።

ረቡዕ ሀና ማርያም ተቀበረች። እማማ ገዲሴ ከመቃብሩ ዳር ቆመው ነበር፤ እጃቸውን ልጨብጥ ስጠጋ ወደ ኋላ ሸሸጉት።

«በእግሯ ወሰዳችኋት» አሉኝ፣ ጮክ ሳይሉ። «ምች ነበረባት። እየተሻላት ነበር። በመርፌያችሁ ገፈፋችኋት።»

ያን ዕለት ከሰዓት ለዶክተር ነገሪ ሪፖርት ጻፍኩ። መለሰልኝ፤ ቅጹ የተሳታፊ ቁጥር ይጠይቃል፣ ሟችዋ ቁጥር የላትም። ወረቀቱን እንደያዝኩ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው የኪኒኑ ቆርቆሮ ትዝ ያለኝ። መደቡ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት።

ሐሙስ ጠዋት ከወርቅዬ ጋር ተመልሰን ሄድን። የግቢው የቆርቆሮ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«አስረስ ነኝ፣ እማማ። ከክሊኒክ። የተረፈውን ኪኒን ልወስድ ነው።»

«አልቋል።»

«አሥራ ስምንት ነበር። ገና ዛሬ ሳምንቱ ነው።»

«አልቋል አልኩህ። የሚስል ሰው እያለ ይቀመጣል?»

ወርቅዬ ወደ እኔ ዞረች። ከጓሮ ክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ ወንድ ሳለ፣ ከሥር የሚመጣ፣ እርጥብ ሳል። ወዲያው ከሌላው ክፍል ሌላ፣ ቀጠን ያለ፤ ሴት ወይም ልጅ። ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ሞከርኩ።

ከኋላችን መንገደኞች መቆም ጀምረው ነበር። ከዚህ በላይ ሳልናገር መሄድ እንደማልችል ገባኝ። አፌን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቼ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮህኩ።

«ስሙኝ! ሚካልን የገደላት ኪኒኑ ነው! ደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ ነበር፤ ያለበት ሰው ያን ኪኒን ከወሰደ ቆዳው ይገፈፋል! እማማን ያልጎዳቸው ስለሌለባቸው ነው፤ ሳንነግራቸው መርምረናቸዋል! የወሰዳችሁ ሁሉ ተውት፣ ውጡና እንያችሁ! ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ካለ አሁኑኑ ይውጣ!»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። የእማማ ገዲሴ ትንፋሽ ከበሩ ጀርባ ይሰማኛል፤ መወርወሪያውን አልነኩትም። ከኋላዬ አንዲት ሴት የልጇን እጅ ይዛ በፍጥነት ወደ ማዶ ተሻገረች።

ከውስጥ የሚሰማው ሳል ቆመ። ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ አፋቸውን በጨርቅ እንዳፈኑ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ብዙ ጠበቅሁ። አንድም ሰው ዳግም አልሳለም።